በሃምሳ የጾምኩት ረቡዕ

ሞያሌን ያላየ ሰው ብዙ ነው፤ እኔም እስከ ዘንድሮ አንዱ ነበርኩ። ዲላ ላይ ሠላሳ ዓመት ልብስ ስሰፋ ወሬዋን ከደንበኞቼ እሰማለሁ። ጨርቁም፣ ዚፑም፣ ቁልፉም በዚያ በኩል ነው የሚመጣው። እኔ ግን እዚያ ድረስ የሚያስኬድ ጉዳይ ኖሮኝ አያውቅም። አይ፣ ይኼ ውሸት ነው፤ በዚህ ጉዞ የዋሸሁት ስለሚበቃኝ ከወዲሁ ላስተካክለው። ጉዳይስ ነበረኝ። ታናሽ እህቴ ወይንሸት ከኬላው ወዲያ፣ በኬንያው ሞያሌ፣ ትዳር ይዛ መኖር ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

ሄጄ ያላየኋት ኩርፊያ ስለነበረን ነው፤ ያኮረፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ባሏ ሙስሊም ነው፣ እሷም ሰልማ ነው ያገባችው። አባታችን ስለሌለ የቤቱ አባወራ እኔ ነኝ ብዬ፣ በስልክ «ከእንግዲህ ማናችንም ከእጅሽ አንበላም» አልኳት። እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም፤ ይኼ የነበረ ነው፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተከባብሮ ይኖርበታል። ሽሮና ሻይ ግን ማንም ማንንም ከልክሎ አያውቅም። ሁሉንም ጠቅልዬ የከለከልኩት እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ፋሲካ ማግስት እናታችን ጠራችኝ። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ልቧ ደክሟል፣ እግሯ እያበጠ ከአልጋዋ እስከ በረንዳ መድረስ መንገድ ሆኖባታል። «ወይንሸት ጋ ሂድልኝ» አለችኝ። «አመጣልሻለሁ» አልኳት። ያኔ ቃል ስገባ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ሰኞ

ዳግማይ ትንሣኤ ባለፈ ማግስት በጠዋት ተነሳሁ። ሻንጣዬ ውስጥ ከሁሉ የተጠነቀቅኩለት ለወይንሸት የሰፋሁላት ቀሚስ ነበር። ልኳን በቃሌ ነው የያዝኩት፤ ልብስ ሰፊ የእህቱን ልክ አይረሳም። ሚኒባሱ ሞልቷል ተብሎ ከተነሳ በኋላ ከተማውን እየዞረ ሰው ሲለቅም አንድ ሰዓት ተኩል አቃጠለን። እስከ ይርጋጨፌ ግራ ቀኙ ቡናና እንሰት ነው፤ የለመድኩት ነውና ተኛሁ።

ሀገረ ማርያም ላይ ለምሳ ወረድን። ሃምሳ ነዋ! ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረውን ጾም ይዘን ከርመን ገና መፈሰካችን ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ደግሞ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። አንድ ጥብስ በላሁ፣ ደገምኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ነጋዴ «ወንድሜ፣ መንገድ ላይ ሆድህን እንዳያምህ» ብሎ እስኪሰጋልኝ ድረስ ነው የበላሁት።

ማታ ያቤሎ አደርኩ። ውኃ አልነበረም፤ የአልጋ ቤቱ ባለቤት፣ ወፍራም ደግ ሴትዮ፣ ከራሷ ጀሪካን አንድ ባልዲ ቀድታ ራሷ ተሸክማ አመጣችልኝ። «ንግድ ነው?» አለችኝ። «አይ፣ እህቴን ልጠይቅ ነው» አልኳት። «ታዲያ ምነው ፍርድ ቤት እንደተጠራ ሰው ፊትህ ጠቆረ?» አለችና ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ግን አልቀለለኝም።

ማክሰኞ

ከያቤሎ ወዲያ አገሩ ሌላ ነው። ቀይ አፈር፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ፣ መንገዱን የራሱ አድርጎ የሚሻገር ግመል። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ቁጥቋጦው ሁሉ ለምልሟል። ሜጋን አልፈን እኩለ ቀን ላይ ሞያሌ ገባን፤ ወረቀቴን ማኅተም አስመትቼ ወደ ኬንያው በኩል ተሻገርኩ።

መጀመሪያ የተቀበለኝ ሞተር ሳይክል ነው፣ ሊገጨኝ። እኛ ጋ መኪና በቀኝ ይሄዳል፣ እነሱ ጋ በግራ፤ እኔ ወደ ለመድኩት አቅጣጫ አይቼ ዘው አልኩ። ሰውየው ፍሬኑን ሲጢጥ አድርጎ አፍንጫዬ ሥር ቆመ። ዲላ ቢሆን «ዕውር ነህ!» ተብዬ ዘር ማንዘሬ ይጠራ ነበር። ይኼ ግን አየኝና «ፖሌ፣ ምዜ» ብሎ ሄደ። ምዜ ሽማግሌ ማለት ነው። ፖሌ ደግሞ ሰው ሲደናቀፍም፣ ሲታመምም፣ ዕቃው ሲሰበርም ይሉታል፤ ያጠፋው ሌላ ሆኖም ይሉታል። እኛ «እኔን!» እንደምንለው ነው። ያን ቀን እግሬን ደጃፍ መትቶኝም ሰምቼዋለሁ፣ ላብ አጥምቆኝም ሰምቼዋለሁ።

ወይንሸትን ፍለጋ ገበያውን ዞርኩ፤ ስሟን የሚያውቅ ጠፋ። «ከዲላ የመጣች፣ ቀይ፣ ሽሮና በርበሬ የምትሸጥ» ብል ጊዜ አንዷ ሴት «ኣ! ማማ ሐቢባ!» አለች። ለካ እዚያ ሴት ከወለደች በልጇ ስም ነው የምትጠራው። እኛ ጋ እናቴ አምስት ወልዳ አስካለ እንደተባለች ነው። ሴትየዋ ጉልቷን ለጎረቤት አደራ ብላ እስከ በሩ አደረሰችኝ፤ ላመሰግናት ስዞር ግማሽ መንገድ ተመልሳለች።

ወይንሸት ሻሿን ጥብቅ አድርጋ ሽሮ እየሰፈረች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና መስፈሪያውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ጋሼ... ሸበትክ እኮ» አለች። ከዚያ በኋላ ማን ቀድሞ እንዳለቀሰ አላስታውስም።

ሻይ አቀረበችልኝ። እዚያ ሻይ ሲባል ወተት ውስጥ የተፈላ ነው፤ ከፔርሙስ በትልቅ ኩባያ ይቀዳል፣ ስኳሩ ከንፈር ያጣብቃል። እንደኛ ጥቁሩን የፈለገ ስትሩንጊ ብሎ ማዘዝ አለበት። ሦስት ኩባያ ጠጣሁ፣ አሞገስኩ። «ከእጅሽ አንበላም» ያልኩት ሰውዬ ቻፓቲ የሚሉትን ቂጣም ሁለት በላሁ፤ እሷ የሚቆርሰውን እጄን ስታይ አየኋት። ከእኔ ፊት ዞር ብላ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ቀሚሱን አወጣሁ፤ ትከሻው ላይ እንቢ አለ። «ጋሼ፣ ይኼ'ኮ የሃያ አራት ዓመቷ ወይንሸት ልብስ ነው» ብላ ተንከተከተች። ሜትሬ መቼም ከኪሴ አይጠፋም፤ አቁሜ እንደገና ለካኋት። የዘጠኝ ዓመቷ ሐቢባ ቁጥሩን በእንግሊዝኛ ጻፈችልኝ። ልጅቷ ስትጨብጠኝ ቀጥ ብላ ዓይኔን እያየች ነው፤ ጎንበስ ማለት የሚባል የለም። በኛ ቤት ጥጋብ ይባል ነበር፤ እዚያ የጨዋ ልጅ ሰላምታ ነው።

እናታችን እንደላከችኝ ነገርኳት፤ ይዤሽ ልሂድም አልኳት። ስለ እግሯ ማበጥ ስነግራት አቋርጣኝ ተነሳችና ከሣጥን ውስጥ የተጣጠፈ ጨርቅ አመጣች። «ለእሷ ብዬ ከገዛሁት ቆየ» አለች። «ዓርብ አብረን እንሄዳለን። ሐቢባንም ይዣት እመጣለሁ፣ አያቷን ትያት። ብቻ ጋሼ፣ እዚያ ሄጄ እንደ እንግዳ ተቀምጬ አልመለስም። ለእማዬ በእጄ ሠርቼ አበላታለሁ።» እኔም «ምን ችግር አለ» አልኩ። ምን ችግር አለ ብዬ ነበር።

አመሻሹ ላይ ባሏ አብዱባ መጣ። ቦረና ነው፣ ፍየል ይነግዳል፤ በጣም ረጅም ከመሆኑ የተነሳ በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። አማርኛን ከገበያ ነው የለቀመው። «ሸሜጂ!» አለኝ፤ አማቼ ማለቱ ነው። «ካሪቡ! ቤት ያንተ ነው። ነገ ቡቲዬ እንሄዳል፣ እናቴ ጋ። ፍየል አለ።» «ኧረ አታስቸግሩ» ስለው «ችግር የለም። ፍየሉ አሥራ አንድ ዓመት ቆሞ ጠብቆሃል» አለና በሳቅ ቤቱን አናወጠው። ወይንሸትም ሳቀች። እኔ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፍየሉ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ረቡዕ

ቡቲዬ ከከተማው አፍንጫ ሥር ናት፤ በፒኪፒኪ ሄድን፤ ሞተር ሳይክሉን ነው እንዲያ የሚሉት። እኔ ከአብዱባ ኋላ ተፈናጥጬ፣ ጭቃው ጫማዬን አልብሶኝ ደረስኩ። የአብዱባን እናት ሰው ሁሉ አኮ ዳርሚ ይላቸዋል፤ አኮ አያት ነው። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ሰላምታቸው አያልቅም፤ ሰላም ነው ወይ፣ እናትህ ሰላም ናት ወይ፣ ዝናቡ ሰላም ነው ወይ፣ ከብቶችህ ሰላም ናቸው ወይ። ወይንሸት እየተረጎመችልኝ «ከብት የለኝም፣ የስፌት መኪና ነው ያለኝ በያቸው» አልኳት። «ስንት?» አሉ። «ሁለት።» አኮ ዳርሚ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «ይርቡልህ» ብለው መረቁኝ። ከልባቸው ነው፤ እኔም ከልቤ አሜን አልኩ።

ምሳ ቀረበ። ለእነሱ ሩዝና ድንች በአንድ ትልቅ ሳህን፣ ለእኔ ብቻዬን ሌላ ትሪ፤ ቀይ ወጥ ከነድስቱ። ድስቱ አዲስ ነው፣ የፋብሪካው ወረቀት ጎኑ ላይ እንደተለጠፈ። ሽታው የእናቴ ወጥ ነው፤ ወይንሸት በጠዋት ቀድማን መጥታ የሠራችው ነው። እንጀራ ሳይቀር ከኢትዮጵያው በኩል አስመጥታለች። ሁሉም እጃቸውን ሰብስበው እኔ እንድጀምር ይጠብቃሉ።

አሁን ረጋ ብዬ ሳስበው ብዙ መንገድ ነበረኝ። «ወይኒ፣ እንደምታውቂው ነው፣ ሥጋውን ተዪልኝ» ብላት ከእሷና ከባሏ በቀር አማርኛ የሚሰማ የለም። ማን እንዳረደውም መጠየቅ እችል ነበር። አልጠየቅኩም፤ የሙስሊም ቤት ነው፣ ፍየሉም እኔ ሳልደርስ ታርዷል፣ ምኑ ይጠየቃል ብዬ። ሃይማኖቴ ነው ያገደኝ ብል ደግሞ ግማሹን ብቻ መናገር ይሆንብኛል። ዲላ ስመለስ «በላ ወይ?» የሚሉኝን ሰዎች እያሰብኩ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የያዝኩትን ቃል በሰው ፊት ማጠፍም አሳፈረኝ። ያችን የስልክ ንግግር ማለቴ ነው።

«ዛሬ ረቡዕ አይደል» አልኩ። «እጾማለሁ።»

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ነው ሃምሳው ትዝ ያለኝ። ወይንሸትን አየኋት። አብረን ያደግን ነን፤ ጾሙን እኔ ስሰርቅ እሷ ነበረች የምታሳብቅብኝ። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነው። ከዚያ ወደ አማቷ ዞራ በኦሮምኛ ተረጎመችው። ውሸቴን፣ አንድም ሳታስቀር።

አኮ ዳርሚ ደስ አላቸው እንጂ አልከፋቸውም። «በመንገድ ላይ የሚጾም ሰው!» አሉ፣ ጸለዩልኝም። ቀጥለው «እንግዲያው ሥጋው ለነገ ይቀመጥለት» አሉ። ምን ላድርግ? «ነገም... ስለት አለብኝ፣ እስከ ዓርብ ነው» አልኩ። ወይንሸት ይኼንንም ተረጎመች። «ወተትስ?» አሉ፤ ወተታቸውን በጭስ በታጠነ ዕቃ ይዘው ከጎኔ ቆመዋል። «ወተትም» አልኩ። ለቦረና ሴት ወተቷን እምቢ ማለት ምን እንደሆነ ከፊታቸው ነው የተማርኩት፤ ቢሆንም ዋጥ አድርገው የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ አስመጡልኝ፣ ከስትሩንጊ ጋር። አብዱባ ድስቱን ከድኖ ይዞት ወጣ። ማታ ራሳቸው ይበሉታል ብዬ ልቤን አረጋጋሁ።

ስንመለስ ወይንሸት ከሐቢባ ጋር በሌላ ፒኪፒኪ ነበረች። ቤት ስንደርስ «ራት ሽሮ ልሥራልህ?» አለችኝ። ድምፅዋ ምንም የለበትም፤ ለማንም ደንበኛ የምታወጣው ድምፅ ነው።

ሐሙስ

ቀኑን ሱቋ ውስጥ ተቀምጬ ዋልኩ፤ ቀሚሱን በጎረቤቷ የስፌት መኪና ፈትቼ አሰፋሁላት። ደንበኞቿ ግማሾቹ የኛ አገር ከባድ መኪና ሾፌሮችና ረዳቶች ናቸው። እሷ ከአንዱ ጋር በአማርኛ፣ ከአንዱ ጋር በኦሮምኛ፣ ከፖሊሱ ጋር በስዋሂሊ ታወራለች። የስዋሂሊ ሰዓት አቆጣጠር እንደኛው ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት እነሱም ጋ አንድ ሰዓት ነው። ያው ሰው በእንግሊዝኛ ሲቀጥርህ ግን ሰባት ይልሃል። እሷ ሁሉንም በጭንቅላቷ ይዛዋለች፤ እኔ ሁለት ጊዜ ጠይቄያት ሁለቴም ተምታታብኝ።

ከሰዓት በፊት አንድ ሾፌር ሽሮ ሲገዛ «እህቴ፣ ቀጣዩ ጾም መቼ ነው የሚገባው? መንገድ ላይ ቆጠራው ይጠፋብኛል» አላት። ለካ የነሱ ባሕረ ሐሳብ እሷ ናት! «ሃምሳው ይውጣ እንጂ» አለችው። «ገና ከአምስት ሳምንት በላይ አለህ። ረቡዕም ዓርብም የለብህ፣ ብላ።» ሽሮውን እየቋጠረች ነው፤ ወደ እኔ አላየችም። መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ሾፌሩ «ፖሌ» ብሎ አነሳልኝ።

ሰውየው ሲሄድ «ወይኒ...» ብዬ ጀመርኩ። ቢያንስ ያኔ «ዋሸሁሽ» ማለት ነበረብኝ። እሷ ግን ቀደመችኝ። «ጋሼ፣ ነገ አብሬህ መሄዱ አይሆንልኝም» አለች። «ሐቢባ ፈተና አለባት።» ትምህርት ቤቱ ዕረፍት ላይ ነው፤ ልጅቷ እዚያው በር ላይ ገመድ ትዘላለች፣ ቁጥሯን እየሰማሁ ነው። ፈተና የለም ማለት አቃተኝ። በየትኛው አፌ? «እሺ፣ ፈተናውስ ይቅደም» አልኳት። እሷ ትላንት ውሸቴን ይዛ ዝም እንዳለችው ዛሬ እኔ የእሷን ይዤ ዝም አልኩ።

ማታ ለእናታችን የምትልከውን ዕቃ አሰናዳች፤ ጨርቁን፣ የእግር ቅባት፣ ሙቅ ካልሲ፣ ፔርሙስ። የሚበላ ነገር አንድም የለበትም። ሱቅ ሙሉ ቅመም ያላት ሴት፣ ቁንጥር በርበሬ እንኳ አላስቀመጠችም። ሻንጣውን ስዘጋ ነው ያስተዋልኩት፤ ምን ብዬ እጠይቃት?

ዓርብ

አብዱባ በአውቶቡስ እንዳልንገላታ ብሎ ከአንድ ወዳጁ ሾፌር ጋቢና ቦታ ይዞልኝ ነበር። ሾፌሩ ጌታቸው ይባላል፣ የናዝሬት ሰው፣ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ አፉ የማያርፍ። ወይንሸት ኬላው ድረስ ሸኘችኝ። ቀሚሱን ለብሳው ነበር፣ ከላይ ሻሿን ደርባ። «እማዬን ሳምልኝ» አለችኝ፤ ጉንጬን ሦስት ጊዜ ስማኝ ቶሎ ዞረች። አብዱባ እጄን በሁለት እጁ ይዞ «ሸሜጂ፣ ስለት ሲያልቅ ተመለስ። ሌላ ፍየል አለ» አለኝ። ቀልዱ ይሁን ቁም ነገሩ ዛሬም አልለየሁትም።

ሜጋ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ጌታቸው ከየት እንደመጣሁ፣ ማን ቤት እንዳረፍኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት። መሪውን ይዞ ፍጥጥ ብሎ አየኝ።

«ጾመኛው እንግዳ እርስዎ ኖት እንዴ!» አለ። «ኧረ የማርያም ያለህ! ያን ፍየል'ኮ ያረድኩት እኔ ነኝ።»

«አንተ?»

«እኔ ነኝ እንጂ! ማክሰኞ ማታ አብዱባ መኪና ማቆሚያው መጣና "ከእናንተ መሀል ማተብ ያለው ማነው?" አለ። አንገቴን ገልጬ ሳሳየው እንኳ አላመነኝም፤ "ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለህ? እውነት ንገረኝ" ይለኛል። በነጋታው በጠዋት ቡቲዬ ወሰደኝ። ቢላው አዲስ፣ ድስቱ አዲስ፣ መክተፊያው አዲስ! አሮጊቷ አጠገቤ ቆመው በልጃቸው አስተርጓሚነት "በእናንተ የሚባለውን ሁሉ በል፣ አንድም እንዳትዘል" ይሉኛል። በስመ አብ ብዬ አረድኩ። ከዚያ በከሰዓቱ ድስቱ ከነወጡ እኛው ጋ መጣ። እነሱ መቼም አይበሉትም። "እንግዳው ጾመኛ ሆነ" አሉን። ሃምሳ ላይ የምን ጾመኛ ነው ብለን ሳቅን። አይቆጡኝ ጋሼ፣ ጉድ የሆነ ወጥ ነበር።»

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኩት፣ እሱ የሚያውቅ ይመስል።

«አብዱባን ጠይቄዋለሁ። "ካልጠየቀ አንነግረውም፤ ጠረጠራችሁኝ ብሎ እንዳያፍር" አለኝ። የነሱ ነገር እንዲህ ነው፣ እንግዳ እንዳይሳቀቅ ይፈራሉ።»

ሜጋ ላይ አስቆምኩትና ደወልኩላት። «ወይኒ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» ስል ማን እንደነገረኝ እንኳ አልጠየቀችም።

«"ማን አረደው?" ትለኛለህ ብዬ ጠበቅኩህ» አለች። «ያን ብትለኝ እየሳቅኩ እነግርህ ነበር። ብታፍርም "ሥጋውን ተዪልኝ" ብትለኝ እሺ ነበር፤ አልቀየምህም። ጾም ነው አልከኝ፣ ጋሼ። ለእኔ። ሃምሳን የረሳሁ መሰለህ? ያን ውሸት ለዚያች አሮጊት በአፌ አስተረጎምከኝ።»

«ተመልሼ ልምጣ። አሁን ዞሬ ልምጣ» አልኳት።

«መጥተህ ምን ልትበላ?» አለች። «ሥጋው አልቋል።» ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበረ መሰለኝ፤ ለቅሶም ሊሆን ይችላል። «እማዬን ሳምልኝ» አለችና ዘጋችው። ጌታቸውን እንዳላስቸግር ሰግቼ ይሆን፣ ወይስ ፈሪ ስለሆንኩ፣ ተመልሼ ጋቢናው ላይ ወጣሁ። ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት! ሜጋ ላይ ወርጄ ቢሆን ኖሮ ከሰዓት በፊት ሞያሌ እደርስ ነበር። ሌላ ፍየል አለ ብሎኝ ነበር'ኮ ሰውየው።

ቅዳሜ

ሀገረ ማርያም አድረን በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ዲላ ገባሁ። እናቴ በረንዳ ላይ ትራስ ተደግፋ ትጠብቀኝ ነበር። ከኋላዬ ማንም እንደሌለ አየች። ሳምኳት፣ የወይንሸትንም ሳምኩላት። ጨርቁን እጇ ላይ ዘረጋሁላት፣ ካልሲውን አለበስኳት። ስለ ሐቢባ ነገርኳት፤ ዓይን ዓይን እያየች ስለምትጨብጠው ነገር፣ ስለ ወተት ሻዩ፣ መኪና በግራ ስለመሄዱ፣ አኮ ዳርሚ የስፌት መኪናዎቼን ስለመረቋቸው። ሳቀች፤ ስትስቅ ትንፋሿ ያጥራታልና ትራሷን አስተካከልኩላት።

«እሺ፣ ምን አበላችህ?» አለችኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ስዋሽ ከርሜ እሷ ጋ ስደርስ አቃተኝ። ስለ ፍየሉ፣ ስለ ድስቱ፣ ስለ ማተቡ፣ ስለ ረቡዕ ሁሉንም ነገርኳት። የወይንሸትን የፈተና ሰበብም አልደበቅኩም። «አመጣታለሁ ብዬሽ ሳላመጣት ቀረሁ፣ ይቅር በይኝ እማዬ» አልኳት።

እናቴ ጨርቁን በቀስታ አጣጠፈችው።

«እንደማትመጣማ አውቄዋለሁ» አለች። «ባል አላት፣ ልጅ አላት፣ ሱቅ አላት። እኔ አንተን የላክሁህ እንድትበላላት ነበር።»